ለበረዶ አገር ቤት የመዳብ አሸንዳ አመራረጥ፦ የደረጃ በደረጃ መመሪያ

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ቤት የገዙ ወገኖቻችን መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይዘው ይደውሉልኛል፦ «አምና በረዶው አሉሚኒየሙን አሸንዳ ገንጥሎ ጣለው፤ ዘንድሮ መዳብ ባስገባ ይሻለኛል? ከሆነስ የትኛውን ልምረጥ?» መልሱን በስልክ ደጋግሜ ከምናገር በሥርዓቱ ጽፌ ባስቀምጠው ይጠቅማል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። የተጻፈው አሸንዳውን ራሱ ለሚሰቅለው ባለሙያ ሳይሆን መርጦ ለሚገዛውና ሥራውን ለሚያሠራው ባለቤት ነው። እዚህ ያለው ምክር ግን እንደ ዴንቨር፣ ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም ባሉ ብርድ ከተሞች ለሚኖር ሰውም ያገለግላል።

መዳብ ለብርድ አገር የሚመረጥበት ምክንያት ሁለት ነው። ፕላስቲክ አሸንዳ በብርድ ተሰባሪ ይሆናል፤ መዳብ ግን የቱንም ያህል ቢበርድ አይሰነጠቅም፣ ሲጫኑትም ቢጎብጥ እንጂ አይሰበርም። በተጨማሪም መጋጠሚያው በማጣበቂያ ሳይሆን በሊድ (በሙቀት በሚቀልጥ የብየዳ ብረት) ስለሚበየድ፣ በትክክል ከተሠራ አንድ ወጥ ብረት ይሆናል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁለት ጥቅሞች የሚገኙት ውፍረቱ፣ መያዣውና ከጎኑ የሚነካው ብረት በትክክል ሲመረጡ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእነዚህ ሦስት ነገሮች ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

አንድ የቃል ማብራሪያ ላስቀድም። በአማርኛ ሁለቱንም «በረዶ» ስለምንላቸው፣ በዚህ ጽሑፍ ከሰማይ የሚወርደውን ለስላሳውን «በረዶ»፣ ቀልጦ እንደገና የጠጠረውን ደግሞ «ግግር» እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ለመለካትና ለመፈተሽ የሚያስፈልጉ

- የመለኪያ ሜትር፣ ደብተርና እርሳስ
- የቆርቆሮ ውፍረት የሚለካ ካሊፐር
- ትንሽ ማግኔት
- ቢያንስ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ
- ውሃ ልክ
- የማይንሸራተት መሰላልና ከታች የሚይዝልዎ ሰው

በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ሊጻፉ የሚገባቸው ዕቃዎች

- ባለ 20 አውንስ የመዳብ አሸንዳ (አውንሱ የቆርቆሮውን ውፍረት ያመለክታል፤ ደረጃ 3 ላይ ይብራራል)
- የመዳብ፣ የነሐስ ወይም የናስ መያዣዎች
- የማይዝግ ብረት ወይም የነሐስ ብሎኖች፣ የመዳብ ሪቬቶች (ሁለት ቆርቆሮ አጣብቀው የሚይዙ አጫጭር ሚስማር መሰል ማያያዣዎች)
- ከሺንግሉ (በጣሪያው ላይ ከተደራረበው ክዳን) ሥር የሚገባ የመዳብ የጠርዝ ቆርቆሮ
- ሽንሽን ያለው ክብ የመዳብ መውረጃ ቧንቧና ማጠፊያዎቹ
- ሊድና ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ መጋጠሚያውን የሚያጸዳ ቅባት)

ደረጃ 1፦ አሸንዳ ከመግዛትዎ በፊት ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ክፍተት ይፈትሹ

ብዙ ሰው አሸንዳው የሚገነጠለው በአሸንዳው ድክመት ብቻ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ከቤት ውስጥ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ስስ ከሆነ ወይም የአየር መተላለፊያው ከተደፈነ፣ የቤቱ ሙቀት ወደ ጣሪያው ወጥቶ በረዶውን ከሥሩ ያቀልጠዋል። ውሃው ቁልቁል ወርዶ ከግድግዳው ውጭ ወዳለው ቀዝቃዛ የጣሪያ ጠርዝ ሲደርስ እንደገና ይጠጥራል፤ በዚህ መንገድ ግግሩ እየተደራረበ ግድብ ይሆናል። ከግድቡ ጀርባ የተጠራቀመው ውሃ በሺንግሉ ሥር ሾልኮ ወደ ቤት ይገባል፤ ግግሩ ደግሞ በአሸንዳው ላይ ይንጠለጠላል። አሸንዳ ይህን ግድብ አይፈጥርም፣ አያስቀርምም።

መፈተሻው ቀላል ነው። በረዶ ከጣለ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ከመንገድ ማዶ ቆመው የእርስዎን ጣሪያ ከጎረቤት ጣሪያዎች ጋር ያስተያዩ። የእርስዎ ቀድሞ የተራቆተ ወይም በጠርዙ ላይ ረጃጅም የግግር ዘንጎች ያንጠለጠለ ከሆነ ሙቀት እያመለጠ ስለሆነ፣ ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ ላይ ያውሉት። በዚህ አጋጣሚ ሺንግል የሚቀይሩ ከሆነም፣ ከሥሩ የሚነጠፈው ውሃ የማያስገባ ተለጣፊ ሽፋን ከጠርዙ ተነሥቶ ከውጭው ግድግዳ መስመር ቢያንስ 24 ኢንች ወደ ውስጥ ማለፉን ያረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ውሃው ወደ አሸንዳው የሚወርድበትን የጣሪያ ስፋት ይለኩ

ወደ አንድ አሸንዳ የሚፈሰውን የጣሪያ ክፍል ርዝመትና ወርድ ያባዙ። ለምሳሌ 10 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ክፍል 60 ካሬ ሜትር ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ስለሚሆን፣ በአንድ ሰዓት 25 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ የሞቃቱ ወራት ውሽንፍር ከዚህ ክፍል ብቻ 1,500 ሊትር ያወርዳል። ለመውረጃ ቧንቧ በሙያው የሚሠራበት ግምት ለእያንዳንዱ 100 ካሬ ጫማ (9.3 ካሬ ሜትር ያህል) ጣሪያ 1 ካሬ ኢንች የቧንቧ አፍ ነው። በዚህ ስሌት ባለ 3 ኢንች ክብ ቧንቧ 65 ካሬ ሜትር ያህል፣ ባለ 4 ኢንቹ ደግሞ 115 ካሬ ሜትር ያህል ይበቃዋል። ስሌቱ ባለ 3 ኢንቹን ቢያሳይዎትም በብርድ አገር ባለ 4 ኢንቹን ይውሰዱ፤ ጠባብ ቧንቧ በቶሎ በግግር ይደፈናልና።

ደረጃ 3፦ ውፍረቱን ይወስኑ

በአሜሪካ የመዳብ ቆርቆሮ የሚሸጠው በአንድ ካሬ ጫማ ክብደቱ ነው። ባለ 16 አውንሱ 0.55 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ባለ 20 አውንሱ 0.69 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። እጅ ላይ ሲይዟቸው ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም። ቆርቆሮ መጉበጥን የሚቋቋምበት ኃይል ግን ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ እንደሚባዛ ስለሚያድግ፣ ውፍረቱ በሩብ ሲጨምር ጥንካሬው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ለዚህ ነው በረዶ በሚበዛበት ቦታ ለአሸንዳው ባለ 20 አውንስ እንጂ ባለ 16 አውንስ አይበቃም የምለው። ግግር ለማይሸከመው ለመውረጃ ቧንቧው ባለ 16 አውንሱ ይበቃል።

ብዙ ሠራተኞች በመኪናቸው ላይ ባለ ማሽን እያወጡ የሚሰቅሉት ባለ 16 አውንስ ጥቅል ነው፤ ስለዚህ ውፍረቱን ካልጠየቁ የሚያገኙት እሱን እንደሆነ ይወቁ። ዕቃው ሲመጣ ቁራጭ ያስቆርጡና በካሊፐር ይለኩት። ቀጥለው ማግኔት ያስጠጉ። ማግኔት ከያዘው በመዳብ የተለበጠ ብረት ነው፣ መልሱት። ካልያዘው በማይታይ ጎኑ በሚስማር ጫር ያድርጉት፤ ከሥሩ ነጭ ከታየ የመዳብ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

ሌላው የሚጠየቅ ነገር የቆርቆሮው ጥንካሬ ደረጃ ነው። ለአሸንዳ የሚሆነው በቀዝቃዛው የተዳመጠ መዳብ ነው፤ ለስላሳው መዳብ ለማጠፍ ቢመችም ግግር ሲጫነው ሆዱ ይወርዳል። ሻጩ ዕቃው ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ቢ370 የተባለውን የግንባታ መዳብ የጥራት መለኪያ የሚያሟላ መሆኑን በጽሑፍ ሊያሳይዎ ይገባል።

ደረጃ 4፦ ቅርጹን ይምረጡ

በገበያው ያሉት በብዛት ሁለት ናቸው፦ አንዱ ግማሽ ክብ የሆነው፣ ሌላው ፊቱ የተቀረጸና ጀርባው ቀጥ ያለው ማዕዘናም አሸንዳ። በእኩል ወርድ ማዕዘናሙ የበለጠ ውሃ ይይዛል፤ ነገር ግን ቅጠልና ደቃቅ ጠጠር በማዕዘኖቹ ስለሚያርፍ ውሃ ይቋጥርና ቀድሞ ይጠጥራል። ግማሽ ክቡ ውስጡ ልሙጥ ስለሆነ ጥርግ ብሎ ይፈሳል፣ ግግሩም ሲያብጥ ወደ ላይ የመውጣት ዕድል አለው። ውሃ ሲጠጥር መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራልና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ለብርድ አገር የምመርጠው ባለ 6 ኢንች ግማሽ ክብ ነው።

ደረጃ 5፦ ከመዳቡ ጋር የሚነካካውን ብረት ሁሉ ይለዩ

አንድ የመጋቢት ጠዋት ሴንት ፖል ውስጥ የወደቀ የመዳብ አሸንዳ እንዳይ ተጠርቼ ነበር። አሸንዳው ከተሰቀለ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። መዳቡ አንዳች ጉድለት አልነበረበትም፤ ቡናማ ሆኖ እንዳማረበት በረዶው ላይ ተጋድሟል። መያዣዎቹን የያዙትን የአሉሚኒየም ሪቬቶች በአውራ ጣቴ ጥፍር ስነካቸው ግን እንደ እርጥብ ኖራ ነጭ ዱቄት ሆነው ረገፉ። ባለቤቱ ለመዳቡ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፣ የወደቀበት በሳንቲም በሚገዙ ሪቬቶች ምክንያት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ውሃ ሲያገኛቸው እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ደካማው ብረት እየተበላ ጠንካራው ይተርፋል። አሉሚኒየም፣ ዚንክና ዚንክ የተለበጠ ብረት ከመዳብ ጋር ሲገናኙ የሚበሉት እነሱ ናቸው። በረዶ በሚቀልጥበት ወር ውሃው ቀኑን ሙሉ ስለማይደርቅ፣ ጨው ከተጨመረበትም የባሰ ስለሚሆን፣ በብርድ አገር ጉዳቱ ይፈጥናል።

ስለዚህ የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይዩ።

- ብሎኑ፣ ሚስማሩና ሪቬቱ የመዳብ፣ የነሐስ፣ የናስ ወይም የማይዝግ ብረት መሆን አለባቸው።
- በአብዛኛው ቤት ከሺንግሉ ሥር ያለው ነጩ የጠርዝ ቆርቆሮ አሉሚኒየም ነው። አሸንዳው እሱን እየነካ ከተሰቀለ ይበላዋል፤ በመዳብ ይቀየር።
- በጠርዙ ሳንቃ ላይ የተለበጠ የአሉሚኒየም ሽፋን ካለ የአሸንዳው ጀርባ በቀጥታ እንዳያርፍበት ይደረግ።
- ከመዳብ ጣሪያ ወይም አሸንዳ የሚፈሰው ውሃ ከታች ባለ አሉሚኒየም ወይም ዚንክ አሸንዳ ላይ እንዳይወርድ። ብረቶቹ ባይነካኩም ውሃው ይዞት የሚሄደው መዳብ ብቻውን ይበሳዋል።
- የቅጠል መከላከያ ወንፊት ካስገቡ እሱም መዳብ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን።

ጣሪያዎ በዝግባ (ሲዳር) እንጨት ሰሌዳ የተከደነ ከሆነ አስቀድመው ለባለሙያው ይንገሩ። ከዝግባ የሚወርደው ውሃ አሲድነት ስላለው በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ሲንጠባጠብ መዳቡን ይቦረቡረዋል።

ደረጃ 6፦ የመያዣውን ዓይነትና ርቀት ይወስኑ

አሸንዳው ምን እንደሚሸከም ቀድመው ያስሉ። ባለ 6 ኢንች ግማሽ ክብ አሸንዳ እስከ አፉ በግግር ቢሞላ በ1 ሜትር 8 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ በ10 ሜትር 85 ኪሎ ያህል ማለት ነው። ይህ በውስጡ ያለው ብቻ ነው። ከላዩ የሚቆለለው በረዶና ከፊቱ የሚንጠለጠለው ግግር በዚያ ላይ ይጨመራል። ዝናብ ብቻ በሚያውቅ አገር በየ60 ሴንቲ ሜትሩ የሚገጠም መያዣ እዚህ አይበቃም። በየ40 ሴንቲ ሜትሩ፣ በረዶ በሚቆይበት በሰሜን በኩል ደግሞ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ይሁን።

ከርቀቱ የማይተናነሰው ብሎኑ የሚነክሰው ቦታ ነው። ፋሺያ የሚባለው የጠርዙ ሳንቃ ብቻውን ስስ ነው፤ ከጀርባው የጣሪያ ወራጅ እንጨት ባለበት ሁሉ ብሎኑ ሳንቃውን አልፎ የወራጁን ጫፍ መንከስ አለበት። ወራጆቹ በአብዛኛው በየ16 ወይም በየ24 ኢንቹ ስለሚገኙ፣ ሠራተኛው ቦታቸውን ፈልጎ ምልክት ሲያደርግ ካላዩ ይጠይቁት። ሳንቃውን በመስቀያ ሚስማር ጫፍ ወጋ አድርገው ይፈትሹ፤ ለስልሶ ከገባ በስብሷልና አሸንዳው ከመሰቀሉ በፊት ይቀየር።

ደረጃ 7፦ ከፍታውንና ተዳፋቱን ያረጋግጡ

ቀጥ ያለውን ጣውላ በሺንግሉ ላይ አስተኝተው ጫፉን ከጠርዙ አሳልፈው ያውጡ። የአሸንዳው የፊት ከንፈር ከዚህ ጣውላ በታች መሆን አለበት። ከጣውላው በላይ ከወጣ፣ ከጣሪያው ተንሸራትቶ የሚመጣው በረዶ ከንፈሩን እንደ መጎተቻ ይዞ ይገነጥለዋል። በታች ከሆነ ግን በረዶው ከላዩ አልፎ ይወድቃል። የፊቱ ከንፈር ከጀርባው ዝቅ ማለትም አለበት፤ አሸንዳው ቢሞላ ውሃው በግድግዳው በኩል ሳይሆን በፊት በኩል እንዲፈስ። ጣሪያው የብረት ከሆነ በረዶው በአንድ ጊዜ ስለሚናድ፣ በጣሪያው ላይ የበረዶ ማገጃ ሳይደረግ ማንኛውም አሸንዳ አይተርፍም።

ወደ መውረጃው ያለው ተዳፋት በ10 ጫማ ከሩብ ኢንች ማነስ የለበትም፤ እኔ ግማሽ ኢንች አስደርጋለሁ። የቆመ ውሃ ሌሊት የሚጠጥር ውሃ ነውና።

ደረጃ 8፦ ለመለጠጥና ለመኮማተር ቦታ ያስተውሉ

በሚኒሶታ ቆርቆሮው በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በሐምሌ ፀሐይ ደግሞ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ልዩነት 12 ሜትር መዳብ 18 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ያጥራል። አሉሚኒየም 25 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን መዳቡ ይሻላል፤ ቢሆንም መንቀሳቀሱ አይቀርም። ስለዚህ አሸንዳው በመያዣው ውስጥ እንዲንሸራተት ሆኖ ይሰቀል እንጂ ከእያንዳንዱ መያዣ ጋር አይበየድ። ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ቀጥታ ርዝመት፣ በተለይ ሁለቱም ጫፎቹ ማዕዘን ላይ የታሰሩ ከሆነ፣ መሐሉ ላይ የመለጠጫ ክፍተትና በሁለት በኩል መውረጃ ይፈልጋል። ያለዚያ በየዓመቱ የሚሰነጠቀው የማዕዘኑ ሊድ ነው።

ብየዳው በሞቃቱ ወራት ይሠራ። መዳብ ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚያሳልፍ፣ በብርድ ቀን መበየጃው መጋጠሚያውን በቂ ሳያሞቀው ሊዱ ከላይ እንደ ሰም ተለጥፎ ይቀራል። በደንብ የተበየደውን ለማወቅ ከውስጥ ይመልከቱ፤ ሊዱ በሁለቱ ቆርቆሮዎች መካከል ሰርጎ በመጋጠሚያው ዳር ሙሉ የብር መስመር ሠርቶ ይታያል። ከብየዳው በኋላ የቀረው ፍላክስ በውሃ ይታጠብ፤ ካልታጠበ መዳቡን መብላቱን ይቀጥላል።

ደረጃ 9፦ መውረጃ ቧንቧውን ይምረጡ

ልሙጥ ቧንቧ ውስጡ ግግር ሲያብጥ ስፌቱ ይፈነዳል፤ ሽንሽን ያለው ግን እጥፋቶቹ እየተከፈቱ ቦታ ስለሚሰጡ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ከተቻለ መውረጃውን ፀሐይ በሚያገኘው በደቡብ ወይም በምዕራብ በኩል ያስደርጉ። ጫፉ ከመሬት በላይ ክፍት ሆኖ ውሃውን ከመሠረቱ ከ1.2 እስከ 1.8 ሜትር ያርቀው። በቀጥታ ከመሬት ውስጥ ቱቦ ጋር ከተገናኘ፣ ቱቦው ሲጠጥር ግግሩ ከታች ወደ ላይ እየሞላ ይመጣል። በእግረኛ መንገድ ላይም አያስፈስሱት፤ ሌሊቱን መንሸራተቻ ይሆናል።

የሚዘወተሩ ስህተቶች

በማጣበቂያ የታሸገ መዳብ መግዛት አንዱ ነው። ማጣበቂያ የግድ ከሆነ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊከን መዳብን ስለሚያጠቃ የማይሸተው ዓይነት ይሁን። አሮጌውን የአሉሚኒየም መውረጃ ከአዲሱ መዳብ ሥር ማስቀጠል ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱን ደረጃ 5 ላይ አይተነዋል። ሦስተኛው ግግሩን አቀልጣለሁ ብሎ ጨው በአሸንዳው ውስጥ መበተን ነው። ማሞቂያ ሽቦ የሚያስገቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሸንዳው ላይ ያቆሙታል፤ ሽቦው በመውረጃው ውስጥ እስከ መጨረሻው ጫፍ ካልወረደ የቀለጠው ውሃ መሐል መንገድ ላይ ይጠጥራል።

አንዳንዶች መዳቡ በስድስት ወር አረንጓዴ ይሆናል ብለው ይጠብቃሉ። በወራት ውስጥ የሚያገኙት ቡናማውን ነው፤ አረንጓዴው ብዙ ዓመት ይፈልጋል፣ በደረቅ ቦታም ላይመጣ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ

- በጣሪያ ጠርዝ ሥር በእሳት መበየድ ቤት ያቃጥላል። የሚቻለው ሁሉ መሬት ላይ ተበይዶ ይሰቀል፤ ላይ የሚበየድ ካለ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይኑር፣ ሠራተኛውም ከጨረሰ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ቦታውን ይጠብቅ።
- ግግሩን በመዶሻ ወይም በመጥረቢያ አይምቱ፤ መዳቡ ይሰረጉዳል፣ ግግሩም በላይዎ ይወድቃል።
- መሰላል በመዳብ አሸንዳ ላይ አያስደግፉ።
- ማሞቂያ ሽቦ ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይገጠም፤ ንዝረት ሲኖር ራሱ የሚያጠፋ መሰኪያ ይኑረው።
- ከመዳብ አሸንዳ የወረደ ውሃ አይጠጣ፣ ዓሣ ያለበት ገንዳ ውስጥም አይግባ። ሊዱ እርሳስ የያዘ ከሆነ ለጓሮ አትክልትም አይሁን።
- ውሃው ነጭ ድንጋይና ኮንክሪት ላይ አረንጓዴ እድፍ ይተዋል፤ የሚወድቅበትን ቦታ አስቀድመው ይምረጡ።

ደረጃ 10፦ ውሉን ከመፈረምዎ በፊትና ከመጀመሪያው የበረዶ ወቅት በኋላ

የቆርቆሮው አውንስ፣ የመያዣዎቹ ብረትና ርቀት፣ የብሎኖቹ ዓይነት፣ መጋጠሚያው የሚበየድ መሆኑና የጠርዝ ቆርቆሮው መቀየሩ በውሉ ላይ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይስፈሩ። ከሦስት ባለሙያዎች ዋጋ ሲቀበሉ ልዩነቱ በብዛት የሚመጣው ከእነዚህ ነጥቦች ስለሆነ፣ ሳይጻፉ ዋጋዎቹን ማወዳደር አይቻልም።

የመጀመሪያው በረዶ በሚቀልጥበት በመጋቢት፣ ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ እኩለ ቀን ላይ ቤቱን አንድ ዙር ይዙሩ። ውሃው ከመውረጃው አፍ ብቻ መውጣት አለበት። ከመጋጠሚያ ሥር ጠብታ ካዩ ብየዳው ነው፤ በአሸንዳውና በሳንቃው መካከል ውሃ ካዩ የጠርዝ ቆርቆሮው አጭር ነው፤ መሐሉ ላይ ሞልቶ ከፈሰሰ ተዳፋቱ ጠፍቷል ወይም መያዣ ለቋል። ፎቶ አንሥተው ቀኑን ይጻፉና ለሠራተኛው በዚያው ሳምንት ይላኩለት፤ ውሃው ከደረቀ በኋላ ቦታውን ማግኘት ይከብዳል።